ውሻችሁን የሚያቆይላችሁ የታመነ ሰው ከተማ ውስጥ እንዴት ታገኛላችሁ?

ውሻ የሚያቆይ ሰው ስትፈልጉ የምታነጋግሩት ሁሉ «ውሻ በጣም እወዳለሁ» ይላችኋል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ግን ለመምረጥ አይረዳችሁም። ማቆያ ውስጥ ያለ ውሻ የሚጠፋው በር ሲከፈት ከኋላው ሌላ የተዘጋ በር ስላልነበረ ነው። የሚነከሰው ሌሊት ሰው ስላልነበረ ነው። ታሞ የሚከርመው ደግሞ ትናንት መብላት አለመብላቱን የመዘገበ ስለሌለ ነው። ስለዚህ በርን፣ ሌሊትንና ሕመምን አጥብቃችሁ መርምሩ። የሜዳው ስፋትና በየቀኑ የሚላከው ፎቶ ከዚያ በኋላ ይታያል።

ፍለጋውን ከጉዞው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። በዓልና የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲቃረብ ጥሩዎቹ ይሞላሉ፤ በመጨረሻው ሳምንት ክፍት ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሌላው አይቶ የተወው ነው።

1. ለውሻችሁ የሚስማማውን ዓይነት ለዩ

ሦስት አማራጭ አለ፤ የማቆያ ድርጅት፣ ውሻውን በራሱ ቤት የሚያቆይ ሰው፣ ወይም እናንተ ቤት መጥቶ የሚያድር ሰው።

ድርጅት ጋ ሠራተኛው ከአንድ በላይ ስለሆነ አንዱ ቢቀር ሌላው ይተካዋል። በሌላ በኩል ጩኸት አለ፤ ብዙ ውሻ ባለበት በሽታም ቶሎ ይዛመታል። ለወጣት፣ ጤነኛና ከሌሎች ውሾች ጋር ለሚስማማ ውሻ ይሆናል። የግለሰብ ቤት ጸጥታ አለው፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያ ሰው ቢታመም ማን እንደሚተካው መጠየቅ ይገባል። ያረጀ፣ ዐይኑ የደከመ ወይም ሌላ ውሻ ማየት የማይወድ ከሆነ ከቤቱ ባይወጣ ይሻለዋል። ቤታችሁ መጥቶ የሚያድር ሰው ከመረጣችሁ «ከ24 ሰዓት ውስጥ ስንቱን ሰዓት ቤት ትሆናለህ?» ብላችሁ ቁጥር ተቀበሉ። ማታ መጥቶ ጠዋት የሚሄድ ሰው ውሻውን ቀኑን ሙሉ ብቻውን ይተወዋል።

ቡችላ ከሆነ የመጀመሪያ ዙር ክትባቱን ሳይጨርስ የትም ማቆያ አታስገቡት። ይህ ዙር ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው 16 ሳምንት ሲሞላው ወይም ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ ነው።

ከዚያ የውሻውን ጠባይ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ዕድሜ፣ ክብደት በኪሎ፣ የተኮላሸ ወይም የመከነች መሆኗ፣ የሚፈራው ነገር (ነጎድጓድ፣ ርችት፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው)፣ ምግቡ ላይ ሲጠጉት ያጉረመርም እንደሆነ፣ ሰው ወይም ውሻ ነክሶ ያውቅ እንደሆነ። የመጨረሻውን መደበቅ የሚቀናቸው ባለቤቶች ብዙ ናቸው። መናከሱ ተደብቆ የገባ ውሻ ግን ከማያውቀው ውሻ ጋር አንድ ሜዳ ላይ ይለቀቃል፤ ጉዳቱ ለሁለቱም ይተርፋል።

2. ክትባቱን ከጉዞው ቀን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አስይዙ

የክትባት መከላከያ መርፌው በገባበት ቀን አይጀምርም። የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደ ውሻ መከላከያው እስኪዳብር ቢያንስ 3 ሳምንት ስጡት። ዲስቴምፐርና ፓርቮ የተባሉትን የቫይረስ በሽታዎችና ተላላፊ የጉበት በሽታን በአንድነት የሚከላከለው ክትባት ጊዜው ያላለፈ ይሁን። በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው የሌፕቶስፓይሮሲስ በሽታ ክትባት የመጀመሪያው ዙር ሁለት ጊዜ ነው፤ በሁለቱ መካከል ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይጠበቃል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል።

ማቆያ ውስጥ በብዛት የሚይዘው የውሾች ተላላፊ ሳል ነው። በአፍንጫ የሚጨመረው ክትባት በ3 ቀን ገደማ መሥራት ይጀምራል። በመርፌ የሚሰጠው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይፈልጋል፤ ለጉዞ አንድ ሳምንት ሲቀር ብትጀምሩት አይደርስም። ሳሉን የሚያመጡት ጀርሞች ብዙ ዓይነት ስለሆኑ የተከተበ ውሻም ሊያስል ይችላል፤ ሕመሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል።

የክትባት ደብተር ሳይጠይቅ የሚቀበል ማቆያ ነገር ያቀለለላችሁ እንዳይመስላችሁ። ከውሻችሁ ጎን የሚተኙት ውሾችም እንዲሁ ሳይጠየቁ ነው የገቡት።

3. ስም ማሰባሰብ

መጀመሪያ የእንስሳት ክሊኒክ ሂዱ። «ጥሩ ማቆያ የቱ ነው?» ብትሉ ሰው ስም ማጥፋት ስለሚፈራ የተድበሰበሰ መልስ ይሰጣችኋል። «የራሳችሁን ውሻ የት ነው የምታቆዩት?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠዋት ጠዋት ውሻ የሚያንሸራሽሩ የሠፈር ሰዎችንና ውሻ አሠልጣኞችንም እንዲሁ ጠይቁ።

ኢንተርኔት ላይ ያለውን አስተያየት ስታነቡ አምስት ኮከቡን እለፉት። ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡትን አንብቡና ባለቤቱ እንዴት እንደመለሰላቸው እዩ። የተቆጣ ደንበኛን ሲሰድብ ያያችሁት ሰው ውሻችሁ ሲጎዳም እናንተን ነው የሚሰድበው። ፎቶዎቹ በጣም ካማሩ በምስል መፈለጊያ አስገብታችሁ ሌላ ቦታ ላይ እንዳሉ አጣሩ። ቦታውን ሳታዩ ሙሉ ክፍያ የሚጠይቅ፣ ወይም «እኔው መጥቼ እወስደዋለሁ» እያለ አድራሻውን የማይናገር ሰው ካጋጠማችሁ ጉዳዩን እዚያው አቁሙት። ቀብድ መጠየቅ ግን የተለመደ ነው።

4. በስልክ ስትጠይቁ

ከሦስት ወይም ከአራት ቦታ በላይ መደወል አያስፈልግም። «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የማይመለስ ጥያቄ ጠይቁ።

«ሌሊት ውሾቹ ያሉበት ግቢ ውስጥ የሚያድረው ማን ነው?» ካሜራ አለን የሚል መልስ በቂ አይደለም፤ ካሜራ ሁለት ውሾች ሲናከሱ ያሳያል እንጂ አያላቅቅም። ውሾቹ አብረው በአንድ ክፍል ልቅ ሆነው ያድራሉ፣ ሰው ግን የለም ከተባለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። «ኬጅ (የሽቦ ቤት) የሌለበት» ተብሎ በማስታወቂያ የሚመሰገነው አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው።

«ሜዳ ላይ ሲለቀቁ ለአንድ ሰው ስንት ውሻ ይደርሳል?» ለአንድ ንቁ ተቆጣጣሪ ከ10 እስከ 15 ውሻ የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ጉልበተኛ ውሾች ካሉበት ከዚያም ማነስ አለበት። ግለሰብ ቤት ከሆነ ከተለያየ ቤት የመጡ ከ4 በላይ ውሾች ለእኛ ብዙ ናቸው። ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ተለይተው እንደሚውሉም ጠይቁ። ትልቅ ውሻ ክፋት ባይኖረውም የሚሮጥና የሚጮህ ትንሽ ውሻ የአደን ደመ ነፍሱን ይቀሰቅስበታል፤ አንድ ንክሻ ደግሞ ለትንሹ በቂ ነው።

«ውሻ አምልጦባችሁ ያውቃል? ከዚያ ወዲህ ምን ለወጣችሁ?» ከሁሉም ጥያቄ የሚበልጠው ይህ ነው። ለዓመታት የሠራ ሰው «ምንም አጋጥሞኝ አያውቅም» ካለ ወይ አያስታውስም ወይ አይናገርም። «አዎ፣ ዕቃ የሚያደርስ ልጅ በሩን ሲከፍት አንድ ውሻ ወጣብን፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ መዝጊያ አስገባን» የሚል ሰው ይሻላል።

«ድራት ላይ ያለች ሴት ውሻ ትቀበላላችሁ?» ሴት ውሻ በአማካይ በየ6 ወሩ ወንድ ትፈልጋለች፤ ወቅቱም ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይቆያል። እዚያው ማቆያ ውስጥ እያለች ሊጀምራት ስለሚችል «አንቀበልም» ብቻ መልስ አይሆንም። በድንገት ከጀመራት የት እንደሚለዩአት ይንገሯችሁ።

በመጨረሻም ምግብ ለየብቻ ይሰጥ እንደሆነ፣ ሌሊትም ክፍት የሆነው የቅርቡ ክሊኒክ በመኪና ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ፣ ቤቱ ውስጥ ሕፃን፣ ድመት ወይም የራሳቸው ውሻ እንዳለ ጠይቁ።

5. ቦታውን ያለ ውሻችሁ ሄዳችሁ እዩ

ውሻውን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ዐይናችሁ እሱ ላይ ይሆናል። ለብቻችሁ ሂዱና ግማሽ ሰዓት ቆዩ።

ከበሩ ጀምሩ። ውሻው ከሚተኛበት እስከ መንገዱ ድረስ ስንት የሚዘጋ በር እንዳለ ቁጠሩ። ከሁለት ማነስ የለበትም፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ሠራተኛው እናንተን ሲያስገባ ይህን አድርጎ እንደሆነ ልብ በሉ፤ እንግዳ ፊት ያላደረገውን እንግዳ በሌለበት አያደርገውም። አጥሩ 1.8 ሜትር ያህል ይሁን። ሥሩ እንዳልተቆፈረ፣ ከጎኑም ውሻ ሊወጣበት የሚችል በርሜል ወይም የአበባ መደብ እንደሌለ እዩ። አፓርታማ ከሆነ የበረንዳው ብረት ክፍተት ከውሻችሁ ደረት ይጥበብ። ሊፍት ካለ ውሻን እንዴት እንደሚያስገቡ ጠይቁ፤ ውሻው ውጭ ቀርቶ ገመዱ ውስጥ ገብቶ በሩ ቢዘጋ ሊፍቱ ገመዱን ይዞ ይሄዳል። ውሻውን አስቀድሞ፣ ገመዱን አሳጥሮ፣ እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ የሚያስገባ ሰው ይህን ያውቃል ማለት ነው።

ቀጥሎ ውሾቹ ወደሚተኙበት ክፍል ግቡና ጫማ እንደምታስሩ ሆናችሁ ጎንበስ በሉ። ቆማችሁ ያልሸተታችሁ የአሞኒያ ሽታ ወለሉ አጠገብ ይሰማችኋል፤ ውሻው ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው ያንን ነው። የውኃውን ሳህን አንሱና በጣታችሁ ውስጡን እሹት። የሚያንሸራትት ልጋግ ካገኛችሁ ሳህኑ ላዩ ላይ ውኃ ይጨመርበታል እንጂ ለቀናት አልታጠበም። እንዲህ ያለ የጋራ ሳህን ጃርዲያን የመሰለ ተቅማጥ የሚያመጣ ጥገኛ ተውሳክ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋግራል።

በምን እንደሚያጸዱ ጠይቁና ጠርሙሱን እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ። የፓርቮ ቫይረስ መሬት ላይ ለወራት ይቆያል፤ ተራ ሳሙናም አይገድለውም። በረኪና 1 እጁን ከ30 እጅ ውኃ ጋር ቀላቅሎ ለ10 ደቂቃ ሳይደርቅ ማቆየት ይሠራል፤ ግን ቆሻሻው አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ መነሣት አለበት። ዓይነ ምድር ባለበት ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ይህን ቅደም ተከተል ሳትነግሩት የሚነግራችሁ ሠራተኛ ካገኛችሁ ቦታው ተስፋ አለው። የሚያስል ውሻ ለብቻው የሚቆይበት ክፍልም እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ውሾቹን ተመልከቱ። እንግዳ ሲገባ መጮሃቸው ጤና ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መርገብ አለባቸው። አንዱ ጥግ ይዞ፣ ጅራቱን እግሮቹ መካከል ወሽቆ፣ ከንፈሩን እየላሰና ሳይደክመው እያዛጋ ከሆነ ተጨንቋል። እንዲህ ያለ ውሻ በየማቆያው አይጠፋም፤ ዋናው ነገር ሠራተኛው አይቶታል ወይ የሚለው ነው። ውሾች አብረው ሲጫወቱ የአንዱ መንጋጋ በሌላው አንገት ማሰሪያ ውስጥ ሊጠላለፍና አንዱን ሊያንቀው ስለሚችል ሜዳ ላይ ማሰሪያው መውለቁን ወይም ሲሳብ በቀላሉ የሚከፈት ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። ውሻችሁ እንደ ፓግና ቡልዶግ አፍንጫው የተደፈጠጠ ከሆነ የክፍሉን ሙቀትና አየር መተላለፊያ ሳታዩ አትውጡ፤ እነዚህ ዝርያዎች ሙቀት አይችሉም።

ሳትናገሩ ድንገት መሄድ አንዳንድ ቦታ አይፈቀድም፤ ውሾቹ የሚያርፉበት ሰዓት ስላለ ምክንያታዊ ነው። የመኝታውን ክፍል በምንም ሰዓት አናሳይም ካሉ ግን ወደ ቀጣዩ አድራሻ እለፉ።

6. የሙከራ ቆይታ

መጀመሪያ ለግማሽ ቀን፣ ቀጥሎ ለአንድ ሌሊት። ሌሊቱ ከጉዞው ቢያንስ 2 ሳምንት ይቅደም፤ የውሾች ሳል ከተያዘበት ቀን እስከ 14 ቀን ድረስ ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል ችግር ካለ ከመሄዳችሁ በፊት ይገለጣል። ስትወስዱት «እንዴት ነበር?» አትበሉ። ስንት ሰዓት በላ፣ ምን ያህል አስተረፈ፣ ስንቴ ተጸዳዳ፣ ከየትኛው ውሻ ጋር ዋለ ብላችሁ ጠይቁ። «በጣም ጨዋ ነው፣ አላስቸገረንም» ብቻ ከሆነ መልሱ ውሻውን ልብ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ ቀን እዚያው በር ላይ ሲደርስ ትንሽ ቢያመነታ አትደንግጡ። መሬት ላይ ተለጥፎ አልገባም ካለ ግን ልብ በሉት።

7. ወረቀቱ

ውሉ ላይ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ ዘግይታችሁ ብትመጡ የሚከፈለው፣ ቀብዱ የሚመለስበት ሁኔታ፣ ውሻው ቢጎዳ ወይም ሌላ ውሻ ቢጎዳ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሕክምና ፈቃድ ነው። ይህን ቃል በቃል መገልበጥ ትችላላችሁ፦

«ውሻዬ ቢታመም ወይም ቢጎዳ በመጀመሪያ ለእኔ ደውሉ። በ20 ደቂቃ ውስጥ ካላገኛችሁኝ ከታች ስሙ ለተጻፈው ተወካዬ ደውሉ። እሱንም ካጣችሁ ሐኪሙ አስፈላጊ ነው ያለውን ሕክምና ከታች እስከተጻፈው የገንዘብ ጣሪያ ድረስ ፈቅጃለሁ። ውሻው ደም ከተቅማጥ ጋር ካወጣ፣ መተንፈስ ካቃተው፣ ከወደቀ፣ ወይም ሆዱ ተነፍቶ ሊያስመልሰው እየሞከረ ምንም ካልወጣው ሳትጠብቁ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት፤ ከመንገድ ላይ ደውሉልኝ።»

የመጨረሻው ምልክት የጨጓራ መጠምዘዝ ሊሆን ይችላል። እንደ ግሬት ዴንና ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ዝርያዎችን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ባለቤቱን በስልክ ለማግኘት የሚባክነው ጊዜ የቀዶ ሕክምናው ጊዜ ነው።

8. አብሮት የሚሄድ ዕቃ

የለመደውን ምግብ ላኩ። ምግብ በድንገት ሲለወጥ ተቅማጥ ይመጣል፤ ከዚያ ምግቡ ነው በሽታ ነው የሚለውን የሚለይ አይኖርም። «አንድ ስኒ» አትበሉ፤ የስኒው መጠን ከቤት ቤት ይለያያል። እያንዳንዱን ምግብ በግራም መዝናችሁ በተለያየ ከረጢት አድርጉ፤ የ2 ቀን ትርፍም ጨምሩ። የተረፈ ከረጢት ቁጥር ስትመለሱ ስንቴ እንዳልበላ ይነግራችኋል።

መድኃኒቱ በራሱ ዕቃ፣ ከመጠኑና ከሰዓቱ ጋር ይሂድ። ኢንሱሊን የሚወስድ ውሻ ከሆነ «ካልበላ ሙሉውን መጠን አትውጉት፤ መጀመሪያ ለሐኪሙ ደውሉ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። እንዲህ ያለውን ውሻ መርፌ ለሚፈራ ሰው አትስጡ።

የአንገት ማሰሪያውም የደረት ማሰሪያውም ይሂድ፤ የሚደነግጥ ውሻ ወደ ኋላ ሲሸሽ ከአንዱ ቢሾልክ ሌላው ይይዘዋል። መታወቂያው ላይ የሚያቆየው ሰው ስልክ ይጻፍ፤ እናንተ አውሮፕላን ላይ ሳላችሁ የእናንተ ቁጥር አይጠቅምም። ማይክሮችፕ (ከቆዳው ሥር የገባ መለያ) ካለው ክሊኒክ ውስጥ አስነብቡትና የተመዘገበው ስልክ አሁን የምትጠቀሙበት መሆኑን አረጋግጡ። ከፊትና ከሁለቱም ጎን የተነሣ የቅርብ ጊዜ ፎቶም ተዉላቸው። ያልታጠበ የእናንተ ልብስ ጨምሩ። አጥንትና የሚወደውን መጫወቻ ቤት ተዉት፤ ሌሎች ውሾች ባሉበት የጠብ መነሻ ነው።

በሰጣችሁት ቀን ቀድማችሁ አንሸራሽሩት። በር ላይ ስንብቱን አታርዝሙ፤ ገመዱን አስረክባችሁ ሂዱ።

9. በቆይታው መካከል

በቀን አንድ መልእክት ይበቃል፤ ከፎቶው ይልቅ መብላቱንና መጸዳዳቱን የሚናገረው ነው የሚያስፈልጋችሁ። የመጀመሪያውን ቀን አለመብላት የተለመደ ነው። ትልቅና ጤነኛ ውሻ 48 ሰዓት ካልበላ ሐኪም ይየው፤ ቡችላ፣ በጣም ትንሽ ዝርያ ወይም ስኳር ያለበት ከሆነ ይህን ያህል አይጠበቅም። ውኃም እንቢ ካለ 24 ሰዓት እስኪሞላ እንኳ አይጠበቅም።

ካመለጠ ማንም እንዳያሳድደው ንገሯቸው። የፈራ ውሻ የሚያባርረው ባለቤቱም ቢሆን ይሸሻል። ያመለጠበት ቦታ ላይ ያንን ያልታጠበ ልብስና ምግብ አስቀምጠው፣ ፎቶውን ለአካባቢው ክሊኒኮች በትነው፣ ሲያዩት ቁጭ ብለው ፊታቸውን ዞር አድርገው ይጠብቁት።

10. ስትወስዱት

ከማስገባታችሁ በፊት የመዘናችሁትን ክብደት አሁን አመሳክሩ። 20 ኪሎ የነበረው 19 ከሆነ 5 ከመቶ አጥቷል፤ ይህ ማብራሪያ ይፈልጋል። የመዳፎቹን ሥር፣ የጥፍሮቹን ጫፍ፣ የጆሮውን ውስጥና የብብቱን ሥር ለመዥገር፣ ለቁስልና ለስብራት ዳብሱ። ድምፁ የሰለለው በመጮህ ብዛት ሊሆን ይችላል። እዚያ በቂ ውኃ የነበረው ቢሆንም ቤት ሲገባ ብዙ ይጠጣል፤ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ስጡት፤ ምግቡንም ከእረፍት በኋላ። አንድ ሁለት ቀን ብዙ ቢተኛና ዓይነ ምድሩ ቢላላ ያልፋል፤ ከዚያ ከቆየ ወይም ደም ካያችሁበት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ለ14 ቀን ሳሉን ጠብቁ፤ ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር እንደተሰነቀረ የሚመስል ደረቅ ሳል ነው። ካሳለ ከሌሎች ውሾች ለዩት። ክሊኒክ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ተናገሩ፤ ተጠባባቂዎቹ መካከል እንዳይቀመጥ መኪና ውስጥ ወይም ውጭ እንድትቆዩ ይነግሯችኋል። በዚያው ቀን ለማቆያውም ደውሉ፤ አብረውት የነበሩትን ውሾች ባለቤቶች የሚያስጠነቅቀው እሱ ነው።